ለጆሮ የተተከለ አትክልት

(የውሃ ጠብታ ድምፅ፤ ጠብ... ጠብ... ጠብ። አሥር ሰከንድ ያህል ብቻውን ይሰማ፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ብሎ ይቆይ።)



ካርቱም የኖራችሁ ይህን ድምፅ ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። የዚር ድምፅ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዚር ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። በብረት ማቆሚያ ላይ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሸክላው ያልበዋል። ከላቡ ከፊሉ በነፋስ ይተንና የውስጡን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ከፊሉ ደግሞ በጋኑ ገላ እየወረደ ከሾጣጣው ጫፍ ላይ ይንጠለጠልና ከሥር ወደተቀመጠለት ሳህን ጠብ ይላል።

እኔ ካርቱም ደይም በሚባለው፣ ብዙ የአገራችን ሰው በኖረበት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር የግቢው ዚር ከመኝታዬ አምስት እርምጃ ያህል ይርቅ ነበር። በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ሁሉም አንገሬቡን፣ ማለትም የጠፍር አልጋውን፣ ወደ ግቢው አውጥቶ ሰማይ ሥር ያድራል። ግቢውን ሆሽ ይሉታል። መብራት ጠፍቶ፣ ጨዋታው በርዶ፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ያ ጠብታ ብቻ ይቀራል። የቤቱ ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። አንድ ሌሊት ከተኙበት ሳይነሡ፣ «ያ ቢቲ፣ ሳህኑ ሞልቷል፤ ልጄ፣ ማሰሮው ውስጥ ገልብጪው» አሉኝ። ተነሥቼ በጨለማ በእጄ ዳሰስሁት። እስከ አፉ ሞልቷል።

ያዩት ነገር የለም፤ ሰምተው ነው ያወቁት። ባዶ የእናሜል ሳህን ላይ የሚወድቅ ጠብታ ሹል ነው፤ ብረት ነው የሚመስለው። ውሃው ሲጠራቀም ድምፁ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። ሳህኑ ሊሞላ ሲል ደግሞ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ሐጃ ያን ልዩነት ስንት ዓመት ሲሰሙት እንደኖሩ እግዜር ይወቅ።

(ጠብታው ቀስ ብሎ ይጥፋ።)

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቻይና ጥንታዊ የአትክልት ስፍራዎች ነው፤ በተለይም እነዚያ ስፍራዎች ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮ እንዴት እንደተሠሩ። ከሐጃ ሳህን ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። ስለነዚህ ስፍራዎች ባነበብሁ ቁጥር ነገሩ የሚገባኝ በዚያ ሳህን በኩል ነው። ደግሞም ቻይና ለካርቱም ባዳ አይደለችም። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በሙግራን አጠገብ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን የወዳጅነት አዳራሽ ቻይናውያን ሠርተው ያስረከቡት በ1976 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

እንግዲህ ወደ ሱዡ እንሂድ። ሱዡ ከሻንጋይ በስተምዕራብ ያለች፣ ቦይ የበዛባት አሮጌ ከተማ ናት። እዚያ በ1509 ገደማ ዋንግ ሺየንቸን የተባለ ከሹመቱ የተገለለ ባለሥልጣን መሥራት የጀመረው ትልቅ የአትክልት ስፍራ አለ። ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የትሑት ሹም አትክልት» እንደ ማለት ነው። በውስጡ ብዙ ትናንሽ ቤቶች አሉ፤ ከነሱ አንዷ «የዝናብ ማዳመጫ» ትባላለች።

ይህችን ቤት ቀረብ ብለን እንያት። ትልቅ አይደለችም። መስኮቶቿ ወደ ግቢዋ የተከፈቱ ናቸው። ከፊቷ ትንሽ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቷል። በአንድ ወገን ቀርከሃ፣ በሌላ ወገን ሙዝ ተተክሏል። ሙዙ ለፍሬው አይደለም የተተከለው፤ ሱዡ ክረምቷ ብርድ ነው፣ የሚበላ ሙዝ አይበቅልባትም። የተተከለው ለቅጠሉ ነው፣ ቅጠሉም ለዝናቡ።

ዝናብ ሲመጣ እንግዲህ አንዱ ዝናብ ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። ሰፊው የሙዝ ቅጠል እንደተወጠረ ቆዳ ነው፤ ጠብታው ሲያርፍበት ቅጠሉ ሁሉ ይርገበገብና ወፍራም፣ ጎላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። የሎተሱ ቅጠል ከሙዙ ያነሰ ክብ ነው፣ ከበታቹም ውሃ አለ፤ እሱ ፈጠን ያለ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ አለው። የቀርከሃው ቅጠል ጠባብ ስለሆነ ዝናቡን ይበትነዋል፤ ሹክሹክታ ነው የሚመስለው። ከኩሬው ፊት የሚነሣው ደግሞ ሌላ ነው። ቤቷ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በየአቅጣጫው ሌላ ሌላ ዝናብ ይሰማል።

ለኢትዮጵያዊ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጉራጌ ወይም ሲዳማ፣ እንሰት በከበበው ቤት ውስጥ ክረምቱን ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሱዡ ሙዝና የኛ እንሰት የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ዝናቡ ገና ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የዳር ዳሩ እንሰት ይናገራል፤ ቀጥሎ የጓሮው፤ ከዚያ ጣራው። የቤቱ ሴቶች ጤፉ ወይም ቡናው ከስጥ እንዲነሣ የሚጮሁት ያን ሲሰሙ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኛ እንሰቱን ለምግብ ተክለን ድምፁን በምርቃት አገኘን። የሱዡው ሰው ግን ድምፁን አስቦ ተከለ።

በዚያው አትክልት ውስጥ ሌላ ቤት አለች፤ ይህችኛዋን እኔ ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። ስሟ «አቆይቶ ማዳመጥ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ሊ ሻንግዪን ከተባለ የ9ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ግጥም ነው። የሚቆየው ነገር ምንድን ነው? የደረቀ የሎተስ ቅጠል። መከር ሲገባ አበባው ይረግፋል፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ይጨማደዳል፣ ለዓይን የማያምር ነገር ይሆናል። አትክልተኛው አጭዶ ሊያጸዳው ይችላል። ቤቲቱ በስሟ ተወው ትለዋለች፤ የመከር ዝናብ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚሰጠው ድምፅ በእርጥቡ ቅጠል ላይ አይገኝምና። አስቡት፤ አንድ ሰው ኩሬውን ሳያጸዳ የሚተውበት ምክንያት ጆሮ ነው።

ሱዡ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ካርቱም 150 ሚሊሜትር ገደማ ብታገኝ ነው፤ እሱም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ያበቃል። ካርቱም ላይ ዝናብን የሚያዳምጥ ቤት የሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዝምታ ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ የካርቱም ሰው ጆሮውን የሰጠው ለሌላ ነገር ነው፤ ለዚሩ ጠብታ፣ በኒም ዛፍ ውስጥ ለሚያልፈው ነፋስ፣ ለዋኔዎቹ ድምፅ፣ አንዲት ሴት ቡና ስትወቅጥ በሙቀጫው አፍ ለምታወጣው ምት። ሁሉም ያለውን ነው የሚያዳምጠው።

ነፋስን ካነሣን ዘንድ፣ ታኦ ሆንግጂንግ የሚባል ሰው ነበር። በ456 ተወልዶ በ536 የሞተ፣ ሹመቱን ትቶ ተራራ ላይ የገባ ሊቅ ነው። የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች ስለሱ የመዘገቡት አንድ ነገር ግቢውን ሁሉ ጥድ መሰል በሆነው የቻይና ዛፍ እንደሞላው ነው። ነፋሱ በዛፎቹ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰጠውን ድምፅ በሰማ ቁጥር ደስ ይለው ነበር ይላሉ። ከሱ በኋላ የመጡት አትክልተኞች ይህን አልረሱም፤ ሱዡ ውስጥ ባነሣሁላችሁ አትክልት እንኳ በጥድ ነፋስ ስም የተጠራ፣ ውሃ ላይ የተሠራ ማረፊያ አለ።

ጥድ ለምን? ዋርካ ለምን አይሆንም? ሰፊ ቅጠል በነፋስ ሲመታ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የሚሰማው መንኮሻኮሽ ነው። የዚያ የቻይና ጥድ ቅጠል ግን እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ነፋስ ቀጭን ነገርን ሲያልፍ ከኋላው ትናንሽ የአየር ሽክርክሪቶች በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ይፈጠራሉ፤ ድምፁን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። መርፌው በቀጠነ፣ ነፋሱም በፈጠነ መጠን ድምፁ ይቀጥናል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መርፌ ላይ በሰከንድ አምስት ሜትር የሚሄድ ነፋስ ቢነፍስ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ይወጣል። አንዱ መርፌ ብቻውን አይሰማም። እልፍ አእላፍ መርፌ አንድ ላይ ሲሆን ግን ያ ረጅም፣ ከሩቅ ባሕር የሚመስል ድምፅ ይሆናል። ጎጃም ወይም ደቡብ ጎንደር በጥድ የተከበበ አሮጌ ደብር ቅጥር ውስጥ ቅዳሴ እስኪገባ የጠበቀ ሰው ይህንንም ያውቀዋል።

(የጅረት ውሃ ድምፅ፤ አምስት ሰከንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ዝቅ።)

አሁን ወደ ውሃ ልምጣ፤ ወደምወደው ነገር።

ከሱዡ ብዙ በማይርቅ ዉሺ በተባለ ከተማ፣ በሁይሻን ተራራ ግርጌ፣ ጂቻንግ የሚባል የአትክልት ስፍራ አለ። በዚያ ውስጥ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ አንድ ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ አለ። ዣንግ ሺ የተባለ፣ ከድንጋይ ገንቢዎች ቤተሰብ የወጣ ባለሙያ ነው የሠራው። ርዝመቱ 36 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስሙ «የስምንት ድምፅ ሸለቆ» ነው። ቻይናውያን የሙዚቃ መሣሪያቸውን በተሠራበት ነገር በስምንት ይከፍሉት ነበር፤ ብረት፣ ድንጋይ፣ ሐር፣ ቀርከሃ፣ ቅል፣ ሸክላ፣ ቆዳና እንጨት። ሸለቆው እነዚህን ስምንቱን በውሃና በድንጋይ ብቻ ያሰማል ለማለት ነው ስሙ የተሰጠው።

ሠሪው ያደረገውን አስተውሉ። ከተራራው ምንጭ የሚመጣ ውሃ ነበረው። ውሃው በሜዳ ላይ ቢለቀቅ ያለ ድምፅ ይፈስሳል። እሱ ግን ቢጫ ድንጋይ በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ካበና ጠባብ መንገድ አደረገ፤ ውሃውን በመንገዱ ሥርና ዳር እያዞረ አንድ ቦታ ከፍ ካለ ደረጃ ወደ ጥልቅ ገንዳ እንዲወድቅ፣ ሌላ ቦታ በቀጭኑ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንዲንሸራተት፣ ሌላ ቦታ ከዓይን ተሰውሮ ከድንጋይ ሥር እንዲሄድ አደረገው። የድንጋዩ ግድግዳ ድምፁን ይዞ ይመልሰዋል። የሚሄደው ሰው በየአምስት በየስድስት እርምጃው ሌላ ውሃ ይሰማል፤ አንዳንዱን ሳያየው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ እንጨምር። የሚፈስ ውሃ ለምን ይጮኻል? ውሃው ድንጋዩን ስለሚመታ ይመስለናል። ዋናው ምክንያት ግን አረፋ ነው። ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፤ ያ አየር በውሃው ውስጥ ትንሽ ኳስ ሆኖ ይርገበገባል። ማርሴል ሚናርት የተባለ ቤልጂየማዊ ሳይንቲስት በ1933 የአረፋው መጠን ድምፁን እንዴት እንደሚወስነው በሒሳብ አሳየ። ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ያላት አረፋ በሰከንድ 3,300 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች፤ ድምፅዋ እንደ ወፍ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነችው 330 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው። እንግዲህ ከፍ ካለ ቦታ ወደ ጥልቅ ገንዳ የሚወድቅ ውሃ ትልልቅ አረፋ ይሠራል፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሚሮጠው ትንንሽ። የዉሺው ድንጋይ ገንቢ ሚናርትን አላነበበም። ግን የገንዳውን ጥልቀትና የደረጃውን ከፍታ በመለዋወጥ አረፋውን ይመርጥ ነበር ማለት ነው። የዚሩ ጠብታም እንዲሁ ነው። በ2018 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ ጠብታ ውሃ ላይ ሲያርፍ የምንሰማው ያ «ጠብ» የሚመጣው ከምቱ ሳይሆን ከሥር ከምትታፈነው ትንሽ አረፋ ነው። ሳህኑ ውሃ ሲይዝ ሐጃ የሰሙት አረፋዋን ነበር።

የዉሺውን የአትክልት ስፍራ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በጎበኘው ጊዜ እጅግ ስለወደደው በ1750ዎቹ ፔኪንግ በሚገኘው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አምሳያውን አሠራ። ሕንጻውን ብቻ አይደለም ያስቀዳው፤ የሚዘምረውንም የውሃ ሸለቆ አብሮ አስቀድቷል።

(ጅረቱ ይጥፋ። ሦስት ሰከንድ ዝምታ።)

ይህን ዝምታ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ካርቱም ላይ የዓባይ ድምፅ ይህ ነው።

ባሕር ዳር አጠገብ ጢስ ዓባይ ላይ ቆሞ የሰማ ሰው ካርቱም ሲደርስ ወንዙን አያምነውም። ያ ከ40 ሜትር ከፍታ እየተወረወረ ሰው ለሰው እንዳይሰማማ የሚያደርግ ውሃ፣ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ከጣና 1,800 ሜትር ከፍታ ወደ ካርቱም 380 ሜትር ወርዶ፣ ቱቲ ደሴት ዳር ሲደርስ ድምፁ የለም። አሸዋና ደለል ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚሰብረው ድንጋይ፣ የሚያፍነው አየር የለም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሙግራን ላይ ቆሜ ሁለቱን ቀለሞች ሳይ የከበደኝ መልኩ አልነበረም። ዝምታው ነበር። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሰላም ሳይለኝ ያለፈ መሰለኝ።

ከዚያው ከሙግራን ብዙ ሳይርቅ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በ1971 የተከፈተ ነው። ዛሬ ስለ ድምፅ ስናገር ይህን ግቢ መዝለል አልችልም፤ ካርቱም ውስጥ ከቻይናዎቹ ጋር የሚነጻጸር በሐሳብ የተሠራ የአትክልት ስፍራ ካለ እሱ ነውና። የአስዋን ታላቁ ግድብ ኑቢያን ሊያሰጥም ሲል በ1960 ዩኔስኮ ዓለምን ጠራ። በሱዳን በኩል ከነበሩት ቤተ መቅደሶች የቡሄን፣ የሰምናና የኩማ፣ እንዲሁም የአክሻ ቅሪት ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ወደ ካርቱም መጡ። ፍሪድሪክ ሂንከል የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት ሥራውን መራ። እነዚህ ቤተ መቅደሶች ሁሉ ከዓባይ ጋር የኖሩ ስለሆኑ በሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ዓባይን የሚመስል ቦይ ተቆፍሮ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ እነሱ በዳሩ ተተከሉ። በዙሪያው ዛፍና ሣር። ውብ ሐሳብ ነው፤ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ወንዝ አብሮ ማምጣት።

አንድ ነገር ግን አልመጣም። ሰምና ማለት ዓባይ በጥቁር ድንጋይ መሃል በጠባብ በር የሚያልፍበት ቦታ ነበር። ያ አገር ሁሉ ባትን አል-ሐጀር፣ «የድንጋይ ሆድ» ይባላል። ቤተ መቅደሱ ከ3,000 ዓመት በላይ ቀንና ሌሊት የኖረው ከሚያገሣ ውሃ ራስጌ ነው። የሙዚየሙ ቦይ ግን ረጋ ያለ ነበር። ሄጄ ቁጭ ብዬበታለሁ፤ ቤተ መቅደሱ ቆንጆ ነበር፣ ጥላው ጥሩ ነበር፣ ውሃውም ነበር። ግን አንዲት ደረጃ፣ አንዲት ዝቅ ያለች ገንዳ፣ ሁለት ድንጋይ ቢጨመርበት ብዬ አስቤያለሁ፤ የዉሺው ሰው 36 ሜትር ብቻ ነበር የፈለገው። በዚያው ግቢ ባሳ ከተባለ የመርዌ ዘመን ስፍራ የመጣ የድንጋይ እንቁራሪትም ነበረ፤ ድሮ ሐፊር በሚሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ዳር ነበር የሚቀመጠው። ሐፊሩ ሲሞላ እውነተኞቹ እንቁራሪቶች በዙሪያው ሲጮኹ ይታየኛል።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሙዚየም በውጊያው መሃል ወደቀ፤ ብዙ ቅርሱም ተዘረፈ። ይህን የምትሰሙ ብዙዎቻችሁ በዚያው ወቅት ካርቱምን ጥላችሁ በመተማ በኩል የወጣችሁ ናችሁ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገራለን።

ከኑቢያ ጋር የሰጠመ ሌላ ድምፅ አለ፤ የሳቂያ ድምፅ። ሳቂያ በበሬ የሚዞር የእንጨት የውሃ መንኮራኩር ነው። በሬው ይዞራል፣ የእንጨት ጥርስ የእንጨት ጥርስን ይነክሳል፣ በገመድ የታሠሩ የሸክላ ገንቦዎች ከወንዙ ውሃ ቀድተው ወደ ቦዩ ይገለብጣሉ። እንጨት ከእንጨት ሲፋተግ ይዘፍናል፤ ቀንም ሌሊትም። በኑቢያ ቋንቋ ኤስካላይ ይሉታል። በ1964 የዋዲ ሐልፋ አካባቢ ኑቢያውያን 50,000 ያህል ሆነው ከኢትዮጵያ ድንበር ወደማይርቀው ወደ ኻሽም አል-ጊርባ ሲወሰዱ ሳቂያው አብሯቸው አልሄደም፤ አዲሱ አገር ውሃው የሚመጣው ከግድብ በቦይ ነው። በግብፅ በኩል ባለው ኑቢያ በቶሽካ መንደር በ1929 የተወለደው ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል-ዲን መንደሩ ከውሃ በታች ከሆነ በኋላ በ1971 «ኤስካላይ» የሚለውን ሥራውን ዑድ በተባለው ባለ አውታር መሣሪያ አሳተመ። የሚዞረውን መንኮራኩር በጣቶቹ ሲያዞረው ትሰማላችሁ። አግኝታችሁ አዳምጡት።

(የነፋስ ፉጨት፤ ቀጭን፤ አምስት ሰከንድ።)

ይህ ደግሞ ነፋስ ነው፤ ግን በቀዳዳ የሚያልፍ ነፋስ።

ያንግዡ ከተማ ውስጥ ሁዋንግ ዢዩን የተባለ የጨው ነጋዴ በ1818 ያሠራው ገ ዩዋን የሚባል የአትክልት ስፍራ አለ። ነጋዴው አራቱን ወቅቶች በአራት ዓይነት የድንጋይ ክምር አሠራቸው። የክረምቱ ክምር ነጭ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ሳይነካው በግድግዳ ጥላ ሥር ያልቀለጠ በረዶ ይመስላል። ለዓይን ይህ በቂ ነበር። ሠሪው ግን ክረምት መታየት ብቻ ሳይሆን መሰማት አለበት አለ። ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ በአራት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 24 ክብ ቀዳዳዎች አበጀ። ከግድግዳው ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ነፋስ በጠባቡ ሲገባ ይፈጥናል፣ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ያፏጫል። በበጋ ቀን እንኳ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሰሜን ብርድ ይሰማዋል።

እኛ መንገደኞች እነዚያን ቀዳዳዎች በዛፍ ላይ አይተናቸዋል። ከመተማ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ በጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ሜዳ አንድ ነጭ ቅርፊት ያለው የግራር ዘር ይበቅላል። የእሾሁ ሥር ያብጥና ትንሽ ኳስ ይሆናል፤ ነፍሳት ውስጡን ቦርቡረው ክብ ቀዳዳ ያበጁለታል። ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ኳስ እንደ ዋሽንት ይነፋል። የሱዳን ሰው ሶፋር ይለዋል፤ «የሚያፏጭ» ማለት ነው። ጌኦርግ ሽዋይንፉርት የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከ1868 እስከ 1871 ባደረገው ጉዞ ይህንኑ ፉጨት ሰምቶ ስሙንም ምክንያቱንም መዝግቧል። እኔ የሰማሁት አንድ ማለዳ መኪናችን ጎማ ፈንድቶባት ሁላችንም ወርደን ስንቆም ነው። ሰው ሁሉ ተጨንቆ ዝም ብሏል። አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው፣ «ማነው እሱ የሚያፏጨው?» አሉ። ማንም አልነበረም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ግድግዳ። ጂ ቼንግ የተባለ ባለሙያ ስለ አትክልት ሥራ በቻይና እጅግ የታወቀውን መጽሐፍ በ1631 ሲጽፍ፣ ከተማ ውስጥ ለመሥራት የተገደደ ሰው ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልግ ይላል። እውነት ነው፤ የሱዡ አትክልቶች አብዛኞቹ በከፍተኛ ነጭ ግንብ የታጠሩ ናቸው። ግንቡ ሌባን ለመከላከል ብቻ አይደለም። የገበያውን ጫጫታ ውጭ ካላስቀሩት ጠብታ አይሰማም፣ ቅጠል አይሰማም። መጀመሪያ ዝምታውን ይሠሩታል፤ ከዚያ በዝምታው ውስጥ ጥቂት ድምፅ ያስቀምጣሉ። የካርቱምም ሆሽ እንዲሁ ነው። ከውጭ የሪክሾው ጩኸትና የሻጩ ጥሪ አለ፤ የብረቱን በር ዘግታችሁ ስትገቡ የጭቃው ግንብ ይውጠዋል፣ ኒሙና ዚሩ ይቀራሉ። ሐጃ ስለ ቻይና ምንም አያውቁም ነበር። ዚራቸውን ግን ከኒሙ ሥር፣ ከበሩ አርቀው፣ ከመኝታቸው ራስጌ አቅጣጫ ነው ያስቀመጡት።

ከዚያ ቤት ልለቅ ስል ለሐጃ ስጦታ ፈለግሁ። ሳህናቸው እናሜሉ ተቀርፏል፣ ጫፉ ዝጓል። ሱቅ አል-ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ሰፋ ያለ፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ገዛሁና ከዚሩ ሥር አስቀመጥሁላቸው። መረቁኝ፤ በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው ነው የመረቁኝ። ያን ሌሊት ግቢው ጭር አለ። ሐጃ ሲገላበጡ የአንገሬባቸው ጠፍር ሲጮኽ እሰማለሁ፤ ሌላ ግን የለም።

ጠዋት ስነሣ የፕላስቲኩ ሳህን ማድቤት ውስጥ ኪስራ የሚሉት ቂጣ ሊጥ ተቦክቶበታል። አሮጌው ሳህን ከዚሩ ሥር ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐጃ እኔን ሲያዩ አፍረው ሳቁ።

«ያንቺኛው በጣም ጥሩ ነው፣ ያ ቢቲ» አሉኝ። «ግን አይናገርም።»

(የውሃ ጠብታ፣ ብረት ላይ፤ ጠብ... ጠብ... ጠብ። እየወፈረ ይሂድ፤ ከዚያ ይቁም።)